ገንዘብን ከዘመን ጋር ስለ መቁጠር፤ ለወጣቶች የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፥ በትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጠህ መደመርንና መቀነስን፥ ማባዛትንና ማካፈልን ተምረሃል። ነገር ግን የመጀመሪያ ደመወዝህን በተቀበልህበት ቀን ያ ሁሉ ሒሳብ ከደብተርህ ወጥቶ ወደ ኪስህ መግባቱን የጠየቀህ ሰው የለም። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ቁጥር ተምረው ሳሉ የገንዘብን ነገር ሳይማሩ ይኖራሉ። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ የሚታየው ከአምስትና ከዐሥር ዓመት በኋላ እኩዮቻቸው ጎጆ ሲወጡ፥ እነርሱ ግን ያለፈውን ዓመት ዕዳ ሲከፍሉ ነው።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ባለጠጋ ልታደርግህ አልተጻፈችም። የተጻፈችው አንድ ነገር ታስተምርህ ዘንድ ነው፤ እርሱም ገንዘብን ከዘመን ጋር መቁጠር ነው። በእጁ ያለውን ብር መቁጠር ሕፃንም ይችላል። ብልህ ሰው ግን፦ ይህ ብር ነገ ምን ይሆናል? በዓመቱስ? በዐሥር ዓመቱስ? ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በዕለት ወጪ፥ በቁጠባ፥ በብድር፥ በዋስትናና በፈጣን ትርፍ ላይ በየተራ እናቀርበዋለን፤ በመጨረሻም ለወላጅና ለዘመድ ስለሚገባው ጥቂት እንናገራለን። በአንተ ቃል የተጻፈውን ሁሉ አንቺም እኅቴ ለራስሽ እንደ ተጻፈ አድርገሽ አንብቢው።

1ኛ፤ ስለ ዕለት ወጪ

ሰውን የሚያደኸየው ሁልጊዜ ታላቁ ወጪ አይደለም። ስለ ታላቁ ወጪ ሰው ያስባል፥ ወዳጁን ያማክራል፥ ዋጋ ይከራከራል። ትንሹ ወጪ ግን ሳይጠራ ይገባል፥ ሳይሰናበትም ይወጣል። ለምሳሌ አንድ ወጣት በወር በእጁ የሚገባው 9,000 ብር ነው እንበል። ይህም ወጣት ለምን እንዳወጣው ሳያስተውል ለሻይና ለልዩ ልዩ ትንንሽ ነገር በየቀኑ 40 ብር ያወጣል። 40 ብር ለዐይን ትንሽ ነው። ከዘመን ጋር ሲቆጠር ግን በወር 1,200 ብር፥ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው ከዓመቱ ውስጥ አንድ ወር ተኩል የሚያህለውን ጊዜ የደከመው ስሙን እንኳ ለማያስታውሰው ነገር ነው ማለት ነው።

ሻይ መጠጣት ነውር ነው አልልህም፤ ከወዳጅ ጋር ተቀምጦ መጫወት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነውና። ነውሩ ሳያውቁ ማውጣት ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ደብተር ግዛ። በአንዱ ገጽ ገቢህን፥ በሌላው ገጽ ወጪህን 30 ቀን ሙሉ አንድ ብር ሳታስቀር ጻፍ። በእነዚህ ቀኖች ራስህን አትውቀስ፥ ልማድህንም አትለውጥ፤ ጻፍ ብቻ። በ30ኛው ቀን ወጪህን በሦስት ክፈለው። ፊተኛው ያለ እርሱ የማይኖሩበት ነው፤ እርሱም የቤት ኪራይ፥ ቀለብ፥ የመጓጓዣ ዋጋና ይህን የመሰለው ነው። ሁለተኛው ደስ የሚያሰኝ፥ ቢቀር ግን የማይጎዳ ነው። ሦስተኛው ለምን እንደ ወጣ የማታስታውሰው ነው። የቁጠባህ መነሻ የሚገኘው ከዚህ ከሦስተኛው ነው፤ ብታጣው ባዶነቱ አይሰማህምና።

2ኛ፤ ስለ ቁጠባ

ብዙ ሰው፦ ከወሩ የተረፈኝን አስቀምጣለሁ ይላል። ነገር ግን ከወሩ ምንም አይተርፍም፤ ፍላጎት እንደ ደመወዙ ልክ ይሰፋልና። ሥርዓቱ የተገለበጠ ስለ ሆነ አስቀድመህ አስቀምጥ፥ በተረፈው ኑር። ይህንንም ሕግ አውጪዎች ዐውቀውታል። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 7 የሚቆረጠው ገንዘቡ በእጁ ሳይገባ በፊት ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ቢሆን አሠሪው ከመቶ 11 ይጨምርበታል። ገንዘቡ አንድ ጊዜ እጅ ከገባ በኋላ ለእርጅና የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነውና። ሕጉ ለእርጅናህ ያደረገልህን አንተ ለጎልማሳነትህ አድርግ።

የት ላስቀምጥ? ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አባቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር በማድጋ አድርገው ይቀብሩ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ከተከፈተ በኋላም ሕዝቡ ከወረቀት ይልቅ ብሩን ያምን ነበር። በዚህም ሞኞች አልነበሩም፤ የጠገራው ዋጋ በራሱ ክብደት ውስጥ ነበረና። የዛሬው ብር ግን ወረቀት ነው፤ ዋጋውም በክብደቱ ሳይሆን ባወጣው መንግሥት ቃል ላይ የቆመ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ወረቀቶች ሲለወጡና የ200 ብር ወረቀት ሲወጣ፥ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ወረቀቱን በሣጥን ቆልፎ ጊዜውን ያሳለፈ ሰው በእጁ የቀረው ሥዕል ብቻ ሆነ። በዚህ ላይ ሌባው፥ እሳቱ፥ ከሁሉም ይልቅ የገዛ እጁ አለበት።

ስለዚህ ባንክ ይሻላል። ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ የሚደርስ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም በአገራችን ተቋቁሟል፤ ሥራ ሲጀምርም ለአንድ አስቀማጭ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነበረ። ባንክ ወለድም ይከፍላል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ትንሹ ወለድ በዓመት ከመቶ 7 እንዲሆን ወስኖ ነበር። በዚህ ሒሳብ 10,000 ብር ያስቀመጠና ወለዱን ያልነካ ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ 19,671 ብር ያገኛል። በዓመት 700 ብር ቢሆን በዐሥር ዓመት 7,000 ብር ብቻ በተጨመረ ነበር። የቀረው 2,671 ብር ከወዴት መጣ? ወለዱ ራሱ ወለድ ስለ ወለደ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በባንክ መዝገብም ይፈጸማል።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ ልንነግርህ ይገባናል። ዘመን ለወለድ ብቻ አይሠራም፤ ለዋጋ ውድነትም ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዕቃ ዋጋ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 30 በላይ ወጥቶ ነበር። አስተውል፤ በመቶ ሰባት የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ 107 ይሆናል፤ በፊት በ100 ብር ይገዛ የነበረው እህል ግን 130 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። ብሩ በዝቷል፥ የሚገዛው እህል ግን አንሷል። እንግዲህ ቁጠባ ከንቱ ነውን? አይደለም። ነገር ግን ገንዘብህን በሁለት ክፈለው። የሦስት ወር ቀለብህንና ኪራይህን የሚያህለው ለድንገተኛ ሕመምና ለሥራ ማጣት በባንክ ይቀመጥ፤ ዋጋው ጥቂት ቢቀንስም በመከራ ቀን ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ያድንሃልና። ከዚያ የተረፈው ግን አይተኛ፤ የሙያህን መሣሪያ ግዛበት፥ ወይም ዕውቀትህን ጨምርበት፥ ወይም ሒሳቡ በየዓመቱ ተመርምሮ የሚታወጅ ማኅበር መዝገብ አንብበህ አክሲዮን ግዛበት።

ዕቁብም የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ብቻውን መቆጠብ ያቃተው ሰው በባልንጀሮቹ ዐይን ፊት ይቆጥባልና። ነገር ግን እርሱንም ከዘመን ጋር ቁጠረው። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ የመጀመሪያው ባለ ዕጣ 1,000 ብር ጥሎ 10,000 ይወስዳል፤ ይኸውም 9,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። የመጨረሻው ባለ ዕጣ ደግሞ ለዘጠኝ ወር ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ እንዲጠራ ልማዱ ያዝዛል። ወደ ዕቁብ ሳትገባ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ዳኛው ማን ነው? ጸሐፊው መዝገብ ይይዛልን? ዕጣ የወጣለትስ ዋስ ይጠራልን?

3ኛ፤ ስለ ብድርና ስለ አራጣ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ አበው። ይህ ማለት ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። የልብስ ስፌት መኪና በብድር የገዛች ሴት በመኪናው ሠርታ ዕዳዋን ትከፍላለች፤ ብድሩ ራሱን ከፍሎ መኪናው ለእርስዋ ይቀራል። ለአንድ ቀን ድግስ ወይም እኩያን ለመምሰል በብድር የለበሰ ሰው ግን ልብሱ ካለቀ በኋላ ዕዳውን ይከፍላል። ስለዚህ ከመበደርህ በፊት ይህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ፊት የሚያልቀው ዕዳው ነው ወይስ ዕቃው? ፊት የሚያልቀው ዕቃው ከሆነ ተው።

አራጣ አበዳሪ ሲናገር፦ በመቶ ዐሥር ብቻ ነው ይላል፤ በየወሩ መሆኑን ግን አለስልሶ ይናገረዋል። ከዘመን ጋር ቁጠረው። በወር በመቶ ዐሥር የተወሰደ 10,000 ብር ወለዱ ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተጨመረ ቢሄድ በስምንተኛው ወር 21,435 ብር፥ በዐሥራ ሁለተኛው ወር 31,384 ብር ይሆናል። በባንክ ያስቀመጥኸው ገንዘብ ዐሥር ዓመት ጠብቆ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፥ ያው ገንዘብ በአራጣ ስምንት ወር ሳይሞላ እጥፍ ይሆናል። አንድ ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን በአንዱ አንተ ጌታ ነህ፥ በሁለተኛው አገልጋይ ነህ።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ባንኮች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። በሌላው ሰው ችግር ገብቶ ያለ ልክ መበዝበዝንም የወንጀል ሕጋችን ይቀጣል። አራጣ አበዳሪ ይህን ስለሚያውቅ እውነተኛውን ወለድ በወረቀት ላይ አያሰፍርም፤ 10,000 ብር ሰጥቶህ 20,000 ተቀብያለሁ ብለህ እንድትፈርም ይጠይቅሃል። ጠንቅቀህ ያዝ፦ በእጅህ ያልገባን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብለህ ከቶ አትፈርም። ፊርማህ ከአንተ በኋላ የሚኖር ምስክር ነውና።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቴሌብር በእጅ ስልክ ብድር ማግኘት ተችሏል። ይህ ለተቸገረ ሰው እርዳታ ነው፤ ከአራጣም ያድናል። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውል። ቀድሞ የሚበደር ሰው ወደ ባለ ገንዘቡ ቤት መሄድ፥ ደጅ መጥናት፥ ችግሩን በአፉ መናገር ነበረበት። ያ ዕፍረት ሰውን ለአንድ ሌሊት እንዲያስብ ያደርገው ነበር። አሁን ግን ጣት ከልብ ይቀድማል። ስለዚህ ስልኩ የማይሰጥህን ሌሊት አንተ ለራስህ ስጥ፤ ዛሬ የፈለግኸውን ብድር ነገ ጠዋት ተበደር። ሒሳቡንም ሥራ። ለ30 ቀን ብድር ከመቶ 5 ይከፈላል ብንል፥ በየወሩ እየከፈለ በየወሩ መልሶ የሚበደር ሰው በዓመት ከመቶ 60 ከፈለ ማለት ነው።

4ኛ፤ ስለ ዋስትና

ደመወዝተኛ የሆንህ እንደ ሆነ አንድ ቀን ወዳጅህ ወደ አንተ ይመጣል። ገንዘብ ስጠኝ አይልህም፤ ፈርምልኝ ይልሃል። ፊርማ ከኪስ የማይወጣ ስለሚመስል ብዙ ወጣት በዚህ ተይዟል። ዋስትና ግን ቀኑ ያልደረሰ ብድር ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው ወዳጅህ ነው፥ ዕዳው ግን የሁለታችሁ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለዚህ የሚለውን ዕወቅ። ዋሱ የተጠየቀበት የገንዘብ መጠን እስከ ስንት እንደሚደርስ በውሉ ካልተነገረ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ቁጥሩ ያልተጻፈበት ወረቀት ቢያቀርቡልህ ባዶ ቦታ ላይ አትፈርም፤ ፈርመህ ከሄድህ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ቁጥሩን ይሞላዋልና። በውሉም ውስጥ በአንድነትና በነጠላ የሚል ወይም ይህን የመሰለ ቃል ካለ፥ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ አንተን ሊከስ ይችላል። እስቲ መጀመሪያ ወዳጄን ጠይቁት ማለት ያን ጊዜ አይረዳህም።

ይህንም ከዘመን ጋር እንቁጠረው። ያ 9,000 ብር የሚያገኘው ወጣት ለ60,000 ብር ዋስ ሆነ፥ ተበዳሪውም ጠፋ እንበል። በየወሩ የደመወዙ ሲሶ፥ ማለት 3,000 ብር፥ ቢቆረጥበት ዕዳውን ለመጨረስ 20 ወር ይፈጅበታል፤ ወለድና የፍርድ ቤት ወጪ ሳይቆጠር። ያልበላውን እህል 20 ወር ሙሉ ይከፍላል። በዚያም ጊዜ ውስጥ ወዳጁን በመንገድ ያየ እንደ ሆነ መንገዱን ይለውጣል። ገንዘብም ወዳጅም በአንድ ፊርማ ሄዱ።

እንግዲህ ወዳጄን ልጨክንበትን? አትጨክንበት፤ ነገር ግን ልክ አድርግ። ልኩ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ቢጠፋ፥ ሰጥቼዋለሁ ብለህ ያለ ቂም ልትተወው ከምትችለው በላይ ዋስ አትሁን። እንዲህም በለው፦ ወንድሜ፥ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ዋስ ልሆንህ አቅም የለኝም፤ ከቁጠባዬ ግን ይህን ያህል ላግዝህ እችላለሁ። ይህ ቃል ለአንድ ቀን ያሳፍራል፤ ያለ ሐሳብ የተነገረ እሺ ግን ለዓመታት ያስለቅሳል።

5ኛ፤ ስለ ፈጣን ትርፍ

ሌላው ደግሞ መልካም ልብስ ለብሶ፥ ወይም በስልክ መልእክት ልኮ፦ 5,000 ብር አስገባ፥ በወሩ እጥፍ ትወስዳለህ፥ አምስት ሰው ካመጣህ ደግሞ ይጨመርልሃል የሚል ነው። እርሳስህን አንሣና ቁጠር። አንዱ አምስት ቢያመጣ፥ አምስቱም እያንዳንዳቸው አምስት ቢያመጡ 25 ይሆናሉ፤ ቀጥሎም 125፥ ከዚያም 625 ይሆናሉ። እንዲህ እየተባለ በዐሥራ ሁለተኛው ደረጃ የሚያስፈልገው ሰው 244,140,625 ነው። ይህም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ ይበልጣል። እንግዲህ ኋላ የገቡት ገንዘባቸውን እንዲያጡ የተወሰነው አስቀድሞ በሒሳቡ ነው፤ ዕድላቸው ስለ ጎደለ አይደለም።

ይህ ማታለያ ዐዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው፦ ገንዘባችሁን ስጡኝ፥ በ45 ቀን በመቶ 50 ትርፍ እሰጣችኋለሁ ብሎ ብዙ ሺህ ሰው ሰበሰበ። ትርፉ የሚገኘው ከፖስታ ኩፖን ንግድ ነው ይል ነበር። ለፊተኞቹ በእውነት ከፈላቸው፤ የከፈላቸው ግን ከኋለኞቹ ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት ነገሩ ተገለጠ፥ እርሱም ታሰረ፥ ብዙዎችም ጥሪታቸውን አጡ።

ስለዚህ ጎረቤቴ ተከፍሎታልና እውነት ነው አትበል፤ የጎረቤትህ ክፍያ ለአንተ የተጣለ መንጠቆ ነው። ሦስት ምልክት ያዝ። ፊተኛው፥ ኪሳራ የሌለበት ታላቅ ትርፍ ሲሰጡህ ነው። ሁለተኛው፥ ከሚሸጠው ዕቃ ይልቅ ስለምታመጣው ሰው ብዙ ሲነገርህ ነው። ሦስተኛው፥ ዛሬ ካልገባህ ነገ ይዘጋል ብለው ሲያስቸኩሉህ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብታይ ተነሥተህ ሂድ። ይህ ነገር የሚሠራጨው በመተማመን ነውና፤ ወንድም እኅቱን፥ ተማሪ ባልንጀራውን፥ የዕድር ሰው የዕድር ሰውን ያስገባል። ገንዘቡ ሠርቶ ይተካ ይሆናል፤ እናቱ የሰጠችውን ጥሪት ያጠፋ ልጅ ግን በእናቱ ዘንድ የነበረውን መታመን የሚተካበት ገበያ የለም።

6ኛ፤ ለወላጅና ለዘመድ ስለሚገባው

ይህን ሁሉ አንብበህ ንፉግ እንዳትሆን ተጠንቀቅ። ቆጣቢ ማለት ለሚገባው ጊዜ የሚያኖር ነው፤ ንፉግ ማለት የሚገባውም ጊዜ ሲመጣ እጁን የማይዘረጋ ነው። በአገራችን ልማድ የወጣት ደመወዝ የብዙ ሰው ተስፋ ነው፤ የእናት መድኃኒት፥ የታናሽ ወንድም ደብተር፥ የዘመድ ሠርግና ተዝካር ሁሉ ወደ እርሱ ይመለከታሉ። ይህ ሸክም ብቻ አይደለም፥ ክብርም ነው። ነገር ግን ልክ የሌለው ስጦታ ሰጪውን ወደ አራጣ ይወስደዋል፤ በዚያም ጊዜ ሰጪው በእናቱ ስም ለአራጣ አበዳሪ ይገብራል።

ስለዚህ ለቤተሰብህ የምትሰጠውን በደብተርህ መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፈው፤ ልኩንም ወስነህ በየወሩ ሳታጓድል ስጥ። አንድ ጊዜ በብዙ ሰጥቶ ሦስት ወር ከመሰወር በጥቂት መዝለቅ ይሻላል። ደግሞም ደብተሩን ለወላጆችህ አሳያቸው። እናትህ ደመወዝህን ሰምታለች፤ የቤት ኪራይህንና የቀለብህን ዋጋ ግን የነገራት የለም። ብታውቀው ኖሮ የምትጠይቅህ ሌላ ነበር፤ ባለማወቅዋ ግን ልጄ ረሳኝ እያለች ታዝናለች፥ አንተም ባለመናገርህ ትሸማቀቃለህ። ሒሳብን በግልጽ መነጋገር ፍቅርን አይቀንስም፤ ሐሜትን ያርቃል እንጂ።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ብቻህን ወይም ከባልንጀሮችህ ጋር ሆነህ በእርሳስና በወረቀት መልስ።

1. ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ያወጣኸው ትንሹ ወጪ ምን ነበር? በዓመት ሲቆጠር የደመወዝህን ስንት ወር ይበላል?

2. ሥራህ ዛሬ ቢቆም ስንት ቀን ሳትበደር መኖር ትችላለህ? ሦስት ወር ለማድረስ በየወሩ ስንት ማስቀመጥ ይገባሃል?

3. አሁን ያለብህ ዕዳ የተገባው ስለ ምን ነው? ፊት የሚያልቀው ዕዳው ነው ወይስ ዕቃው?

4. የማን ዋስ ሆነሃል? የዋስትናህ ልክ እስከ ስንት ብር እንደሆነ ከውሉ ማሳየት ትችላለህን? የውሉ ቅጂስ በእጅህ አለን?

5. በፍጥነት ትርፍ እናገኛለን ብሎ የጠራህ ሰው ካለ፥ ከሦስቱ ምልክቶች የትኛው ይገኝበታል?

6. ወላጆችህ ወጪህን ያውቃሉን? ካላወቁ፥ መቼና እንዴት ትነግራቸዋለህ?

መልሱን ከጻፍህ በኋላ ወረቀቱን በደብተርህ ውስጥ አኑረው፤ ዓመት ሲሞላም አውጥተህ ከዐዲሱ መልስህ ጋር አስተያየው።